ጋቢውን ለምን ያዝክላት?

የበረከት አባት፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ወር አወጣን። አንተ በሰላም አርፈሃል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ግን አላረፍኩም። ጥያቄ አለኝ፣ ጥርጣሬም አለኝ። ከሁሉ የባሰው ጥርጣሬዬ ደግሞ አንተ ላይ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የስፌት መኪናዬን ወደ በረንዳው አውጥቼዋለሁ፤ እዚያ ስቀመጥ በመንገዱ ማን እንደሚወጣ ማን እንደሚወርድ ይታየኛል። ብትኖር «ስፌት ነው ወይስ ጥበቃ?» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። አንተ እየነዳህ ወደ ካቺሲ ትመላለስበት የነበረውን መኪና የገዛው ሰው ቀለሙን ቀይሮታል፣ ጥሩንባውን ግን አልቀየረም። ባለፈ ቁጥር እግሬ ፔዳሉ ላይ ይቆማል።

ትልቁ ወሬ የልጃችን ነው። በረከት ዩኒቨርሲቲውን ጨርሳ ወደ አምቦ ተመለሰች። ጸጉሯን ተቆርጣለች። ሰፍቼ ያቆየሁላትን ቀሚስ አመስግና ተቀበለችኝና አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አንድ ቀን የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ሳለ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ ወንድ ነኝ እያልኩሽ አይደለም። ሴት ሲሉኝም ግን ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስለኛል። ከሁለቱም አይደለሁም» አለችኝ። እንደ ድሮው ሴት አድርጌ ነው የምጽፍልህ፤ እጄ ገና ሌላ አልለመደም።

ወዲያው ያመንኩ እንዳይመስልህ። መጀመሪያ ስልኩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ዶርም አብራት የነበረችውን ልጅ፣ ከዚያ ትምህርቱን፣ ከዚያ ደግሞ መተት ነው ብዬ ጎረቤቱን በሙሉ። ጸበል እንሂድ ስላት እሺ ብላ ተከተለችኝ፤ ተጠምቃ ስትመለስም ያችው በረከት ናት። እሺ ማለቷን ራሱ ጠረጠርኩት። ይኼ ሁሉ ትዕግሥት ከየት መጣ? ከእኔ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ያንተ ነው።

የሙት ዓመትህ ቀን ድንኳኑ እንደ ደንቡ ተተከለ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው። በረከት ያንተን ጋቢ ለብሳ ከቤት ወጣች። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ኩን ማሊ? ይኼ ምንድን ነው? ምን ነካት ልጅሽን?» አለችኝ። የእድሩ ዳኛ ተቀመጪ ለማለት እጁን አነሳ፤ ወዴት እንደሚጠቁም ግን ግራ ገባውና እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እሷ መሃል ምሰሶው አጠገብ ቆመች። ወደ ወንዶቹም አልሄደችም፣ ወደ እኛም አልመጣችም። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እኔ የማየው ዓይኗን ነበር፤ ዓይኗ ወደ መውጫው ያያል። ያኔ ከዚያ ድንኳን ከወጣች ከቤቱም እንደምትወጣ፣ ከወጣችም እንደማትመለስ ገባኝ። አንተን ቀብሬ እሷን ደግሞ በቁሟ ላጣት ነው አልኩ። ፈራሁ።

ጋቢው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ትንሽ ሳለች ፍል ውሃው ጋ ልንዋኝ ስንሄድ የሴቶች መልበሻ አልገባም ብላ ታለቅስ ነበር። የወንዶቹንም አትፈልግም። እኔ ስቆጣ አንተ ምንም ሳትል ከግንቡ ጥግ ይህንኑ ጋቢ በሁለት እጅህ ትዘረጋላት ነበር፣ ፊትህን ወደ ውጭ አዙረህ። እሷ ከኋላው ትለብሳለች። ማሞላቀቅ ይመስለኝ ነበር።

እስቲ ስማኝ፤ ታውቅ ነበር? ካወቅክ ለምን አልነገርከኝም? ያን ያህል ዘመን አንድ ትራስ ላይ ተኝተን! ልጄን ለክቼ የማለብሳት እኔ፣ ምን እንደማይሆናት ቀድመህ ያየኸው ግን አንተ። ይኼ ያናድደኛል፤ ናፍቆቴንም ያባብሰዋል።

ተነሳሁ። በርጩማዬን ይዤ ወደ ምሰሶው ሄድኩና ቁጭ አልኩ፤ እሷንም በእጇ ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና ጸሎቱ ይቀጥል አለ። ከዚያ ወዲህ የአዴ ጫልቱ ሰላምታ ቀዝቅዟል፤ እኔም በዓይነ ቁራኛ እከታተላታለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ በረከትንም ገና እየሰለልኳት ነው። የምትለው ሁሉ አልገባኝም። የሚገባኝ ቀን መምጣቱንም እጠራጠራለሁ። ግን ቤት ናት። ሳቋ ከጓዳ ይሰማኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችን ፍል ውሃው ጋ ወረድን። ከዚያው ግንብ ጥግ ስትደርስ ቆመች። ጋቢውን ከትከሻዋ ወስጄ ዘረጋሁላትና ፊቴን አዞርኩ። እንዲህ ይከብዳል እንዴ! ክንዴ ዛለ። አላፊ አግዳሚው እያየን ያልፋል፣ እኔም አንድ በአንድ አፈጠጥኩባቸው። ለብሳ እስክትጨርስ አላወረድኩትም።

አንተን መርሳት አይሆንልኝም፤ ደግሞስ መልስ ሳትሰጠኝ እንዴት እረሳሃለሁ? ስንገናኝ መጀመሪያ የምጠይቅህ ይህንኑ ነው። እስከዚያው ጋቢውን እኔ እይዝላታለሁ።

የበረከት እናት