በእናቷ ድምፅ አትደውዪላት

ለውድ እህቴ ለሒክማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? የጅዳው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የወገብሽ ሕመምስ ቀለል አለሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናትሽ ከወረታ መጥተው እኛው ዘንድ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደኅና ናቸው። ሱቁም ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደኅና ያልሆነችው ልጄ ረምላ ናት። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች። ስለዚህ ወደዚያ በሚሄድ የጎረቤት ልጅ እጅ ይህን ላክሁልሽ።

እህትሽ ጀሊላ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው ስትቀበር፣ ለረምላ «እማዬ ጅዳ አክስትሽ ዘንድ ሄዳለች» ያልኋት እኔ ነኝ። የስድስት ዓመት ልጅ መርዶ አትረዳም አልሁ፤ ዘመዱም ጎረቤቱም ደግ አደረግህ አለኝ። ለቅሶው እስኪያልፍ ሰው ቤት አስቀመጥኋት። «እማዬን አገናኘኝ» እያለች እህል እምቢ ስትል ደግሞ አንቺን ለመንሁሽ። ድምፃችሁ አንድ ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንቺም ለልጅቱ ብለሽ እሺ አልሽ፣ በእህትሽ ድምፅ አወራሻት፣ ሳቅሽላት። ያን ሰሞን በላች፣ ተኛች። እኔም መላ አገኘሁ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን «ፀጉሬን ስታጥቢኝ ማን ነበር የምትዪኝ?» ብላ የጠየቀችሽን ታስታውሻለሽ? አንቺ «የኔ ማር» አልሻት። ጀሊላ «ዳክዬ» ነበር የምትላት፤ አንቺ ይህን ከየት ታውቂዋለሽ? እኔ መልሱን እያወቅሁ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ረምላ ስልኩን ቀስ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ከአፏ ቃል ጠፋ። ማታ አልጋዋን ታረጥባለች። ፀጉሯን ከግንባሯ በኩል እየነቀለች ራሰ በራ ልትሆን ደረሰች። መምህሯን ብጠይቃት «ዝም ትላለች እንጂ አታስቸግርም፤ ጨዋ ልጅ ናት» አለችኝ። አንድ ክሊኒክ የሆድ ትል ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። እናትሽ ሸኹ ዘንድ ወሰዷት፤ እሳቸውም ቁርኣን ቀሩላትና «ዱዓውን እኛ እናደርጋለን፤ እናንተ ደግሞ ሐኪም አሳዩ፤ ልጅቱ ያዘነች ትመስላለች» አሉ።

እኔ ግን አመነታሁ። «የአእምሮ ሕክምና» ከሚል በር ልጄን ይዤ ስገባ ደንበኛ እንዳያየኝ ፈርቼ ነው፤ ልደብቅሽ አልችልም። በመጨረሻ እናትሽ ሻርፓቸውን አጣፉና «አንተ ካፈርህ እኔ በባጃጅ እወስዳታለሁ፤ እኔን አሮጊቷን ደግሞ ማን ዞር ብሎ ያየኛል!» ሲሉኝ ተነሣሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘናት ባለሙያ ፀደንያ የምትባል ወጣት ናት። ረምላን ተናገሪ አላለቻትም። ወለሉ ላይ አብራት ተቀምጣ አሻንጉሊት ስታጥብ፣ ስታለብስ ትውላለች። እንዲህ ስንመላለስ ቆይተን አንድ ቀን ባለሙያዋ ለብቻዬ ጠራችኝ። ረምላ አሻንጉሊቷን እያጠበች «እማዬ ረስታኛለች፤ እዚያ ሌላ ልጅ አላት፤ የኔን ስም እንኳ አታውቀውም» ብላታለች።

ሒክማ፣ ሞቷን ልሰውርባት ብዬ እናቷ የጣለቻት ልጅ አደረግኋት። «ይህችን ሕፃን እንዴት አድርጌ አረዳታለሁ?» ብላት ፀደንያ «በራስዎ አንደበት፣ በአጭሩ ይንገሯት። ሞተች ይበሏት። ሄደች አይበሉ፣ ተኛች አይበሉ። ካለቀሰች አብረዋት ይሁኑ» አለችኝ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከእናትሽ ጋር ሆነን ጣና ዳር ወሰድናት። «እማዬ በጣም ታማ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሊያድኗት አልቻሉም፤ ሞተች። አልረሳችሽም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት። ዓሣ የሚያወርዱትን ሰዎች ትመለከት ጀመር። ከዚያ «ስልክ ላይ የነበረችው ማናት?» አለችኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «አክስትሽ ሒክማ ናት» አልኋት።

«እማዬ መሞቷን ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ታዲያ ለምን ትስቅ ነበር?»

እናትሽ አቀፏት፤ ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።

የእኔን ጥፋት አንቺ ላይ የጫንሁት እኔ ነኝ። ለእህትሽ በቅጡ ሳታለቅሺ በእሷ ድምፅ አሳቅሁሽ። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንዴት ታድሪ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁሽም። አሁን ረምላ መብላት ጀምራለች፤ ፀጉሯን መንቀሉን ግን ገና አልተወችም፤ ወደ ፀደንያም እንመላለሳለን። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ከእንግዲህ በእናቷ ድምፅ አትደውዪላት። እሷ ስትፈቅድ እነግርሻለሁ። ያን ጊዜ «እኔ ሒክማ ነኝ» በያት። ለምን ትስቂ እንደነበር አንቺው ንገሪያት። እንባሽ ከመጣም አትያዢው፤ ትስማሽ።

አብረውሽ ለሚኖሩት እህቶች ሰላም በይልኝ። እናትሽ «ያኔ ልጅቷ እንዳትሰማ ብዬ ከማልቀስ የከለከልሁሽን አንሥቻለሁ በላት» ብለውሻል፤ ዱዓቸውም አይለይሽም። ከረምላም ሰላምታ ልጽፍልሽ ፈልጌ ጠየቅኋት። «ገና ነኝ» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍሁልሽ።

የእህትሽ ባል፣ ወንድምሽ
ዓሊ
ባሕር ዳር፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.