ለባዶው ሚስማር

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እግርሽን እንዴት አደረገሽ? ላሟስ ወለደች? ብርዱ በርትቷልና ጋቢ ሳትደርቢ ደጅ እንዳትወጪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሦስታችንም ደህና ነን። ምራትሽ ኩልሱም ባምቢስ አካባቢ ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ወፈር ብላለች፤ ይህን መጻፌን ግን እንዳትነግሪብኝ።

እህቴ ፈትያ፣ መቼም ለእማ የምታነቢላት አንቺ ነሽ። ቤት ውስጥ ጎረቤት ካለ እዚህ ላይ አቁሚና ሲሄዱ ቀጥይ።

እማ፣ የጅብሪልን ፎቶ ለምን እንዳልላክሁልሽ ልንገርሽ። የልጅ ልጆችሽ ሁሉ ሳሎን ግድግዳሽ ላይ ተሰቅለው የእሱ ሚስማር ብቻ ባዶውን ቀርቷል። ባለፈው ሚስማሩ ዛገ ብለሽ በሰው ልከሽብኛል። ፎቶ ቤት ያለው ሰው የገዛ ልጁን ፎቶ ሲያጣ ያስቃል። ግን ጅብሪል ወንበሩ ላይ አይቀመጥልኝም። ስድስት ዓመት ሞልቶት አፉን አልፈታም፤ ስሙን ስንጠራውም ዞር አይልም። መብራቱን ሳበራ ብድግ ብሎ ይሮጣል፤ የእኔ እንጀራ ደግሞ ሰውን አትንቀሳቀሱ ማለት ነው። ሐኪም ጋ ወስደነው ነበር። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው አለን።

ሦስት አረፋ የቀረነው ሥራ በዝቶብን አይደለም። የመጨረሻ ጊዜ የመጣን ዕለት አንዷ እንግዳ ይሄን ልጅ ምን ነካው ስትል ኩልሱም ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ እግሬ ከበደኝ።

አሁን ወደ ወሬዬ። እዚሁ ሰፈር ያለ አስጎብኚ ድርጅት ለቀን መቁጠሪያ የጉሬዛ ፎቶ አዘዘኝ፤ ያውም ሲዘል። የሠርግ ፎቶ አንሺ ስለ ጫካ ምን ያውቃል! መናገሻ ሱባ ሄድኩ። ጉሬዛ ሲቀመጥ ነጭ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ይመስላል፣ እማ፤ ሲዘል ግን ዓይን አይይዘውም። የመጀመሪያውን ፊልም አሳጥቤ ሳየው ባዶ ቅርንጫፍና ጭራ ብቻ ሆነብኝ። ቁም አትለው ነገር፣ ጉሬዛ ነው።

በሌላ ቀን ኩልሱም ሱቅ ስለምትውል ጅብሪልን ይዤው ወደ ጫካው ተመለስኩ። በቃ፣ ጉሬዛው ካልቆመልኝ እኔ አብሬው ልሂድ አልኩ። ጉሬዛው ሊዘል ሲያደፍጥ ጀምሬ ካሜራዬን አነጣጠርኩበት፤ ሲወረወር እኔም ወገቤን እያዞርኩ እኩል ተከተልኩት፣ እየተከተልኩም አነሳሁት። መልካም ፎቶ እንደሚወጣ እጄ ነገረኝ።

ያኔ ጅብሪል የጉሬዛዎቹን ጩኸት ተከትሎ በዛፎቹ መሃል መሮጥ ጀመረ። ቁም ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በጉሬዛው እንዳደረግኩት ከእሱም ጋር አብሬ እየዞርኩ አነሳሁት።

ፎቶው ይኸው፣ ከደብዳቤው ጋር ነው። ወደ ካሜራው አያይም፤ አንዱ ጫማውም የለም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ የምትይው አንቺ ነሽ። ዛፎቹ ሁሉ ተደበላልቀዋል፣ የእሱ ፊት ግን ጥርት ብሏል፤ እየሳቀ ነው። ግንባሩ የአባባ ነው፣ አላህ ይዘንለትና። ሳየው አለቀስኩ፣ እማ። ልጄ እንዲህ ቆንጆ መሆኑን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ፈለግኩ። ኩልሱም ደግሞ ፎቶውን ይዛ ለአረፋ አዲስ ልብስ ልግዛለት እንዴ አለችኝ።

ሚስማሩን ነቅለሽ ዝቅ አድርገሽ ምቺው፤ የጅብሪል ቁመት እንዲደርስበት። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ዱዓሽ አይለየን።

ፈትያ፣ የወጡትን ጎረቤቶች ጥሪያቸው። የቀረችውን አንድ መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢ፦ ለአረፋ ሦስታችንም እንመጣለን።

ልጅሽ፣
የጅብሪል አባት