ባለ ዝሆኑ፣ ባለ ሰጎኑ፣ ባለ ኮከቡ፦ የፍራሻችን ነገር

ሰኞ

ባሌ ዛሬም ወለል ላይ ነው ያደረው። ጠዋት በሳሎን በኩል ልወጣ ስል በጉልበቱና በእጁ ሆኖ፣ የወንበሩን እግር ጨብጦ ሊነሳ ሲታገል ደረስኩበት። "ምን ሆንክ?" ብለው "ጫማዬን እየፈለግሁ ነው" አለኝ። ጫማው በር ላይ ነው። ቄስ ሆኖ ይዋሻል።

ታምሬ ከደወል ቤቱ የወደቀው ከፍልሰታ በፊት ነው። ነፋስ ቆርቆሮውን ገለጠው፤ በመካነ ሰላም ከተማ ሌላ ወንድ የጠፋ ይመስል ባሌ ራሱ መሰላል ላይ ወጣ። ደሴ ወስጄ አስመርምሬዋለሁ። አጥንቱ ደህና ነው፣ የጀርባው ዲስክ ነው የተንሸራተተው አሉን። ክኒን ይዋጥ፣ እንቅስቃሴ ይሥራ፣ ከባድ አያንሳ። እና ፍራሽ ይቀየር።

የእኛ ፍራሽ የሠርጋችን ነው። ስፖንጁ መሃሉ ጎድጉዶ ገበቴ ሆኗል፤ ከየትም ብንጀምር ተንከባልለን መሃል እንገናኛለን። ድሮ ጥሩ ነበር። አሁን ግን እኔ በተገላበጥኩ ቁጥር እሱ ጥርሱን ይነክሳል። ስለዚህ አጎዛውን ይዞ ሳሎን ገባ። ቅዳሴ ባለበት ቀን ለብቻው መተኛቱ የክህነት ሥርዓት ነው፣ ለምጄዋለሁ። በሌላው ቀን ግን የምን ሳሎን ነው?

ሐኪሙ "በጣም የማይለሰልስ፣ ድንጋይም የማይሆን" አለ። ከታች ስፕሪንግ፣ ከላይ ስፖንጅ ያለው፣ ሃይብሪድ የሚሉት ከተገኘ መልካም ነው። አንዱ ሲገላበጥ ሌላውን አያነቃንቅም ብሎም ጨመረ። እኔ ያቺን ስሰማ ነው የወሰንኩት። ብሩ ተቀምጧል። ብር ካለ ፍራሽ መግዛት ምን ይከብዳል?

ማክሰኞ

ይከብዳል።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ገባሁ። ሃይብሪድ ሁለት ዓይነት አላቸው። ስማቸው በባዕድ ፊደል ተጠማዝዞ ስለተጻፈ ከተማው በሥዕላቸው ነው የሚጠራቸው። ባለ ዝሆኑ ወፍራም ነው፣ እጅ ሲጫኑት ይውጣል። ባለ ኮከቡ ቀጠን ይላል፣ ደረቅ ይላል።

"የትኛው ይሻላል ሐጂ?"

"ልጄ፣ ሁለቱም የእኔው ናቸው። አንዱን ሳመሰግን ሌላውን ማማቴ አይደል?"

ይህ መልስ ነው?

"ተኝተሽ እዪው" አሉኝ። በሩ ወደ መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነጠላዬን አጣፍቼ ባለ ዝሆኑ ላይ ጋደም አልኩ። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ገና ዓይኔን ከመክደኔ የአንዱ ተማሪዬ እናት ከበር ላይ "ቲቸር! አመመዎት እንዴ?" ብላ ጮኸች። ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ምን እንደተሰማኝ እንኳ አላወቅሁም።

ከዚያ ሌላው ባለሱቅ አበባው ዘንድ ሄድኩ። እሱ ጋ ያለው ባለ ሰጎኑ ነው።

"ሃይብሪድ ነው?"

"ሃይብሪድ ነው።"

"ውስጡ ምንድን ነው?"

"ምቾት ነው፣ ቲቸር።"

"ስፕሪንግ አለው ወይ?"

"ስፕሪንግ ከወደዱ አለው። ካልወደዱም አይሰማዎትም።"

ዚፑን ከፍቶ እንዲያሳየኝ ብጠይቀው ዋስትናው ይበላሻል አለ። በክርኔ ተደገፍኩበት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት። ሽቦ የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ጥርት ያለ ስፖንጅ ነው፣ ሰጎን የተሳለበት ስፖንጅ። ቢያንስ አንዱ ከውድድሩ ወጣ። የዛሬው ድሌ ይህች ብቻ ናት።

ረቡዕ

ለወንድሜ ለይርጋ አዲስ አበባ ደውዬ ማማከሬ ስሕተት ነበር። ጠዋት "ባለ ዝሆኑን ግዢ፣ ሰው ሁሉ እያመሰገነው ነው" አለኝ። በምሳ ሰዓት "ባለ ዝሆኑን እንዳትገዢ፣ ቶሎ ይሰምጣል የሚሉ አሉ" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለ ሌላ፣ እዚህ ስለማይሸጥ ፍራሽ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከ። ፎቶም ልኳል፤ ኔትወርኩ ከላይ ያለችውን ትራስ ብቻ አሳይቶኝ ቀረ። ከዚያ ጥያቄ ደረደረልኝ። ስፕሪንጎቹ ለየብቻ በጨርቅ ተሰፍተዋል ወይስ እርስ በርስ ተያይዘዋል? ከላይ ያለው ስፖንጅ ውፍረቱ ስንት ነው? ጠርዙ ሲቀመጡበት ይደፋል? ሐጂን በስልክ ብጠይቃቸው "ጠርዙ ላይ ምን ያስቀምጥሻል፣ መሃሉ ሰፊ ነው" አሉኝ።

ይህ አልበቃ ብሎ አማቴ እማማ የሺ ከከላላ ደወሉ። ወሬው እንዴት ከእኔ ቀድሞ ከላላ እንደደረሰ እንጃ።

"ልጄን ልታሰንፊው ነው አሉ። አባቱ ጠፍር አልጋ ላይ ቁርበት አንጥፎ እየተኛ አንድ ቀን ወገቤን ብሎ አያውቅም!"

"እማማ፣ እሳቸው ከደወል ቤትም ወድቀው አያውቁ።"

"አንቺ መልስ አታጪም!" አሉና ዘጉት።

ታምሬ ከጎኔ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። "እናቴ ልክ ናት" አለ። "ፍራሽ አልፈልግም። ተይው።"

ሁለት ሱቅ ዞሬ ጉልበቴን የጨረስኩት ለማን ነበር?

ዓርብ

ትናንት አልጻፍኩም። ተኳርፈን ነበር።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ይዤ አስቀመጥኩት። ለምን እንደማይፈልግ ይንገረኝ፣ ከዚያ እተወዋለሁ አልኩት።

"ቄሱ ስፕሪንግ ላይ ይተኛል ይሉኛል።"

"እነማን?"

"ሕዝቡ።"

ሕዝቡ! የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ እንኳ ቤታቸው ስፕሪንግ ሶፋ አላቸው። የሰበካው ሽማግሌዎች ግማሾቹ ስፖንጅ ላይ ነው የሚተኙት፤ ግማሾቹም ቢያገኙ ይተኛሉ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ዓይኔ እያየ እያቃሰተ ደህና ነኝ እያለ እንደሚያሞኘኝ፣ ልጆቻችን ሄደው ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት እሱም ሳሎን እንደገባ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፦

"ብርቄ፣ ባለፈው እሑድ ሰግጄ መነሳት አቃተኝ።"

መቅደስ ውስጥ ነው። ዲያቆኑ ብብቱን ይዞ አነሳው። "መጋረጃው ባይኖር ሕዝቡ ሁሉ ያየኝ ነበር" አለ። መቆም ያልቻለ ቄስ እንዴት ይቀድሳል? ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም።

"ታዲያ ለዚህ አይደል እንዴ ፍራሽ የምንገዛው?"

"ተገዝቶ ባይሻለኝስ? አሁን ሲያመኝ ወለሉ ነው እላለሁ። ያኔ ምን እላለሁ?"

መልስ አልነበረኝም። እማማ የሺ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። ተነስቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ለሚያለቅስ ሰው ሽንኩርት ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠይቅም።

ሳህኑን ሳቀርብለት "ነገ አብረኸኝ ሱቅ ትሄዳለህ። ካልተሻለህ ያኔ አብረን እናስብበታለን፤ ለብቻህ ግን ወለል ላይ አታስብም" አልኩት። ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና በላ።

ቅዳሜ

ሄደ! ግን በር ላይ ቆሞ ቀረ። ጥምጥሙን አስተካከለ፣ መስቀሉን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። "አንቺ ተኝተሽ ንገሪኝ" አለኝ። በጀርባው እኔ ልተኛለት!

ሐጂ እንድሪስ ነገሩ ገብቷቸዋል። ጫማቸውን አወለቁና "ቄሴ፣ ወገብ ለእርስዎ ብቻ አልተሰጠም። እኔም አለችኝ። ይምጡ፣ አብረን እንየው" ብለው ባለ ዝሆኑ ላይ ጋደም አሉ። ታምሬ ግራ ቀኙን አየ። ሽማግሌው ተኝተው እሱ ቢቆም ነውር መሰለው መሰል፣ ቀስ ብሎ ከጎናቸው ወጣ።

ነጭ ጥምጥምና ነጭ ቆብ ጎን ለጎን ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ፣ ቅዳሜ ገበያ የወጣው ሰው በር ላይ ተኮለኮለ። እኔ የት ልግባ!

"እንዴት ነው ቄሴ?"

"ይመቻል። ብቻ ሰመጥን።"

"ወላሂ ሰምጠናል። ይሄ ለሙሽራ ነው እንጂ ለእኛ አይሆንም።"

መነሳት ሲመጣ ሁለቱም አልቻሉም። እኔ ታምሬን ሳብኩ፣ ከገበያተኛው አንዱ ሐጂን ሳበ። ታምሬ ላብ አጥምቆት፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆመ። አሁን ወደ ቤት እንሂድ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ያኛውስ?" አለ፣ ባለ ኮከቡን እያየ።

ባለ ኮከቡ ላይ ለብቻው ተኛ፤ ያለው የአንድ ሰው ነው። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሐኪሙ እንዳሳየው በጎኑ ዞረ፣ እግሩን ወደ መሬት ጣለ፣ ክርኑን ፍራሹ ላይ ተከለና ቀና ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልሳበውም። ጥርሱንም አልነከሰም። ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ ተነሳ። ሰው እያየው መሆኑን ረስቷል።

"ይሄ ይሁን" አለ። "መተኛቱንማ የትም እተኛለሁ። የቸገረኝ መነሳቱ ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ የትኛው ለመተኛት ይመቻል እያልኩ ሰው ሳስቸግር ከርሜ! ሰኞ ዕለት ይህቺን ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

የሁለት ሰው ባለ ኮከብ እዚህ የለም። ሐጂ ከደሴ በጭነት መኪና ያስመጡልናል። "አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ማክሰኞ ይደርሳል" አሉኝ። ማክሰኞ ማለት ሐሙስ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

እሑድ

ታምሬ አልቀደሰም። ሌላ ቄስ ተክቶት እሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ አስቀደሰ። ከሴቶቹ ወገን ሆኜ አየሁት። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እሱ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

ይርጋ ደውሎ "ባለ ኮከቡን ገዛሽ? እንዴት ሳታማክሪኝ?" አለኝ። ዘጋሁበት።

ማክሰኞ

ደረሰ! በተባለው ቀን ደረሰ። ሐጂን አፉ በሉኝ ማለት አለብኝ።

የተጠቀለለበት ሸራ በመንገዱ አቧራ ቀልቶ፣ ላስቲኩ ጥጉ ላይ ተቀድዶ፣ ግን ፍራሹ ደህና ነው። ታምሬ ሲመሽ ይግባ ብሎ ነበር፣ ሰው እንዳያይ። መኪናው በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ከበራችን ፊት ጥሩንባውን ነፋ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ተሸክመው ያስገቡልንም እነዚያው ሐሜታቸውን የፈራናቸው የሰበካ ሰዎች ናቸው። አንደኛው በእጁ ተጭኖት "ቄሴ፣ ከየት አገኙት? ለእናቴ ፈልጌ ነበር" አለ። ታምሬ ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን አየሁት፣ በደንብ።

ከዚያ አልጋው ላይ ስናደርገው አልገባም።

አልጋችንን የሠራው የሰፈራችን አናጢ በራሱ ልክ ነው የሠራው። ፍራሹ በፋብሪካ ልክ ነው። ስለ ስፕሪንግ፣ ስለ ስፖንጅ፣ ስለ ጠርዝ፣ አገር ምድሩን ጠይቄ የራሴን አልጋ አልለካሁም! አልጋውን ከግድግዳው አርቀን ፍራሹን ብንጭነውም በአንድ በኩል ከአልጋው ወጥቶ ተንጠለጠለ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ መሳደብ ጀመርኩ። አናጢውን፣ ፋብሪካውን፣ ይርጋን፣ ዝሆኑን ጭምር።

ታምሬ ሳቀ። ጀርባውን ይዞ፣ "ወይኔ ወገቤ" እያለ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁም፤ እኔም አላስቻለኝም።

አናጢው ጋ ስደውል "ነገ መጥቼ አሰፋዋለሁ" አለ። የአናጢ ነገ መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ለጊዜው በተንጠለጠለው በኩል የገብስ ጆንያዎች ከታች ደርድረን ደገፍነው። እኔ በጆንያው በኩል ነኝ።

ረቡዕ

አናጢው አልመጣም።

ጠዋት ስነቃ ታምሬ ከጎኔ ነበር። በጎኑ ዞረ፣ እግሩን ጣለ፣ ተቀመጠ። ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ቆመ። ከቆመ በኋላ ግን ወገቡን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆይቷል፤ ያላየሁት መስሎት ነው። ክኒኑ ይሁን፣ እንቅስቃሴው ይሁን፣ ባለ ኮከቡ ይሁን አላውቅም። እሑድ ይቀድስ አይቀድስ አላውቅም። "እንዴት አደርክ?" ብለው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተኛሁ" አለ። እንቅልፉ ከዓይኑ ገና አልለቀቀውም ነበር፤ ስለዚህ ይህችን አምኜዋለሁ።

በተገላበጠ ቁጥር አልነቃነቀኝም፣ ሐኪሙ እውነቱን ነው። እኔ ግን ዓይኔ ቀልቶ፣ ራሴ ተወጥሮ ነው ክፍል የገባሁት። ተማሪዎቼ አመመዎት ወይ ይሉኛል። ለካ ባሌ ያንኮራፋል። ሳሎን ከገባ ወዲህ ረስቼው ነበር። ለማንኮራፋት ደግሞ ሃይብሪድ ምንም አያደርግም።