የሃይደሎ ከተማ ታንከኞችና እግረኞች አንድ በሆኑበት ሳምንት ላረፉት ለዋና ሳጅን ኤግበርት ሉርስ

አዳራሹ ተርፏል። ማዘጋጃ ቤቱ ማክሰኞ ዕለት ፈርሞልናል። የቀድሞው ጦር ሰፈር የታንክ ጥገና አዳራሽ ለሠላሳ ዓመት የእኛ ሆኗል፤ የታንከኞች ወይም የእግረኞች ብቻ ሳይሆን የእኛ፣ የአንዱ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር።

ሰላምታ ማስቀደም ይገባን ነበር፤ ይቅር በሉን። ለአባሎቻችን፣ ለከተማችን ነዋሪዎችና ለወዳጆቻችን ሁሉ ሰላምታችን ይድረስ። ለዚህ የምሥራች ከማናችንም በላይ የደከሙት የክብር ሊቀ መንበራችን ዋና ሳጅን ኤግበርት ሉርስ፣ ወሬውን በጆሯቸው ሰምተው በማግስቱ ረቡዕ ንጋት ላይ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ማረፋቸውን በጥልቅ ሀዘን እናስታውቃለን። ደስታና ሀዘን በአንድ መግለጫ ማውጣት ለማኅበራችን እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም አንዱን ከሌላው ነጥለን ብንጽፈው እውነቱ ይጎድልብናል።

አቶ ኤግበርት ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለ የድንች እርሻ ተወልደው አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለውትድርና ሲጠሩ የታንክ ጥይት አጉራሽ ሆነው ጀመሩ። ለአንድ ዓመት ተኩል ብለው የገቡት ወጣት በዚያው ቀርተው ተኳሽ፣ ከዚያ የታንክ አዛዥ፣ በ1979 ደግሞ የታንክ ሻለቃ ጦሩ አሠልጣኝ ሆኑ።

ለምልምሎቻቸው የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት ግን ስለ ታንክ አልነበረም። ብረት ለበስ ክፍለ ጦር የታንክ ክምር አይደለም ይሉ ነበር። ታንኩ፣ በብረት ለበስ ተሽከርካሪ አብሮት የሚጓዘው እግረኛ፣ መድፈኛው፣ ድልድይ የሚዘረጋው መሐንዲስ፣ ነዳጅና ዳቦ የሚያደርሰው፣ ይህ ሁሉ ሲቀናጅ ነው ክፍለ ጦር የሚባለው። ጫካና መንደር ውስጥ ታንክ ዕውር ነው፤ ገላጣ ሜዳ ላይ እግረኛ ራቁቱን ነው። ስለዚህ ለልምምድ ሲወጣ የታንኩ ሻለቃ ጦር አንድ የሻምበል ጦር ለእግረኛው ይሰጣል፣ በምትኩ አንድ የእግረኛ ሻምበል ጦር ይቀበላል። አቶ ኤግበርት ይህን ልውውጥ ከጋብቻ ለይተው አያዩትም ነበር። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቪብኬን ያገኙትም እኮ ለእግረኞቹ ተሰጥተው በሰነበቱበት መንደር ነው።

በ1994 ክፍለ ጦራችን ተበተነ። የስንብቱ ሰልፍ ዕለት ማን ቀድሞ ወደ ሜዳው ይግባ በሚል ጠብ ተነሣ። ታንከኞቹ ከፊት የምንሄደው ሁልጊዜም እኛ ነን አሉ፤ እግረኞቹ ጦር ሰፈሩን የመሠረትነው እኛ ነን አሉ። መጨረሻው በሁለት በር መግባት ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሁለት ማኅበር ቆመ። የተረፉት ተሽከርካሪዎች ለጎብኚ የሚታዩበት ይህ አዳራሽም መሐሉ ላይ በጣውላ ተጋርዶ ለሁለት ተከፈለ፤ በወዲህ ታንኮቹ፣ በወዲያ የእግረኞቹ ተሽከርካሪዎች። ሊጎበኝ የመጣ ተማሪ ሁሉ ግማሽ ክፍለ ጦር አይቶ ይመለስ ነበር። አቶ ኤግበርት ታንከኛ ቢሆኑም የሁለቱም ማኅበር አባል ሆነው የኖሩ ብቸኛው ሰው ናቸው። በዚህም ከሁለቱም ወገን ስድብ ጠግበዋል።

በ2011 በአዳራሹ ውስጥ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን የሚያሳየውን ክፍል ከፈቱ። በ1935 ሦስት ሆነው የተመሠረቱት የብረት ለበስ ክፍለ ጦሮች እንዴት እንደበዙ፣ አገራችን ሶቪየትን ከመውረሯ በፊት የክፍለ ጦሮቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን የእያንዳንዱ ክፍለ ጦር የታንክ ብዛት እንዴት በግማሽ እንደቀነሰ በሰንጠረዥ ሰቀሉ። አጠገቡም ክፍለ ጦሮቹ ባለፉበት መንገድ የተቃጠሉትን መንደሮችና በረኀብ ያለቁትን ምርኮኞች የሚያሳዩ ምስሎች አኖሩ። ይህን ምን አመጣው፣ እኛ ስለ አደረጃጀት ነው የምናሳየው ያሉ አባላት ነበሩ። የሰጡት መልስ ዛሬ በክፍሉ መግቢያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ “መንገዱን ካሳየን በመንገዱ ላይ የሆነውንም እናሳያለን።” ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶች የሚመጡት በተለይ ለዚያ ክፍል ነው።

ባለፈው መኸር ማዘጋጃ ቤቱ ቁርጡን ነገረን። ጣሪያው ያፈሳል፤ ከተማው የሚያድሰው አንድ ማኅበር በአንድ መተዳደሪያ ደንብ ከቀረበ ብቻ ነው፤ እስከ መጋቢት ማብቂያ ካልሆነ አዳራሹ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። አቶ ኤግበርት በዚያው ሰሞን ነው ሕመማቸው የተነገራቸው። ለእሳቸውም ለአዳራሹም የተሰጣቸው ጊዜ ተቀራራቢ ነበር።

አባሎቻችን እንደሚያውቁት፣ ገበያ አደባባይ ባለው መጠጥ ቤት ሁለት ቋሚ ጠረጴዛዎች አሉን። የጦር ክፍላቸው መለያ ቀለም የሆነው ሮዝ ባንዲራ ያለበት፣ ምድጃው ሥር ያለው የታንከኞች ነው፤ አረንጓዴ ያለበት፣ መስኮቱ ጋ ያለው የእግረኞች። ከዚህኛው ተነሥቶ እዚያኛው ላይ የተቀመጠ ሰው አይተን አናውቅም ነበር። አቶ ኤግበርት በጥር ወር በከዘራ ተደግፈው ገቡና የድሮውን የልውውጥ ትእዛዝ ሰጡ። እስከ መጋቢት በየሐሙሱ ግማሹ ታንከኛ ወደ መስኮቱ፣ ግማሹ እግረኛ ወደ ምድጃው። ለታመመ ሰው እንቢ ማለት ስለከበደ እንጂ የወደደው አልነበረም።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሁሉም ቢራውን ጨርሶ በጊዜ ወደ ቤቱ ገባ። በሁለተኛው የታንከኞቹ ሊቀ መንበር አቶ ኡቮ ሽትሩክማን አፋቸውን ከፈቱ። “እናንተ እግረኞች፣ ቢራውንም በእግር ነው እንዴ የምታመጡት? ጉሮሯችን ደረቀ እኮ።” የእግረኞቹ ሊቀ መንበር አቶ ራይማር ቦክ ብርጭቋቸውን ሳያስቀምጡ መለሱ። “አንተ ደግሞ ያለ እኛ መጠጥ ቤቱንም አታገኘውም። በዚያች የታንክ ቀዳዳ እያየህ አይደል ዕድሜህን የነዳኸው?” ሳቁ ኩሽና ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ወሬው አልቆመም። ታንከኞቹ ታንካቸው ረግረግ ውስጥ ሰምጦ እንዴት እንዳወጡት ሲያወሩ፣ ግንዱን ተሸክመው ከሥሩ ያስገቡት እግረኞች ከጎናቸው ተቀምጠው ነበርና የቀረውን ጨመሩበት። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን እያንዳንዱ ጠረጴዛ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ሲያወራ ኖሯል።

ባለፈው ሰኞ ሁለቱ ጉባኤዎች ለመዋሐድ ድምፅ ሰጡ። ማክሰኞ ከተማው ፈረመ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሊቀ መናብርት ፊርማውን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። አቶ ኤግበርት ወረቀቱን አልጠየቁም። የጠየቁት፣ “ከበሩ ማን ቀድሞ ገባ?” ብለው ነው። አቶ ኡቮ፣ “በሩ አልጋ የሚያሳልፍ ነው፤ ጎን ለጎን ገባን” አሏቸው። ወይዘሮ ቪብኬ እንደነገሩን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ያላዩባቸውን እንቅልፍ ተኙ።

ለውድ ባለቤታቸው ለወይዘሮ ቪብኬ፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ በአንድ ታንክ ውስጥ አብረዋቸው ላገለገሉት ጓዶቻቸውና ላሠለጠኗቸው ሁሉ ልባዊ መጽናናትን እንመኛለን። ሀዘኑ የእኛም ነው። ቤተሰቡ አበባ እንዳይመጣ፣ ጥቁር ልብስም እንዳይለበስ ጠይቋል። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት በጸጥታ በቤተሰብ ብቻ ይፈጸማል።

የቀረው የሁላችን ነው። የጣውላውን ግድግዳ የምናፈርስበትን ቀን የቆረጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። መዶሻ ያለው መዶሻ፣ ጉጠት ያለው ጉጠት ይዞ ይምጣ። የአተር ሾርባው ጦሩ ሜዳ ሲወጣ ይጎትተው በነበረው ማብሰያ ይሠራል። የቅቤ ኬኩን ሴቶቻችን ይጋግራሉ፤ እንደምታውቁት በእኛ አገር ለሠርግም ለለቅሶም የሚቆረሰው ያው እሱ ነው። ግድግዳው እንደወደቀ ተሽከርካሪዎቹን አቶ ኤግበርት በነደፉት አሰላለፍ፣ ታንክና እግረኛ ተቀላቅሎ እናቆማቸዋለን፤ የከተማችን ልጆችም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ክፍለ ጦር ያያሉ። ታንከኛም ሁኑ እግረኛ፣ መድፈኛም ሁኑ ወጥ ቤት፣ በውትድርና በር አልፋችሁም የማታውቁ፣ ማንም እንዳይቀር። ቅዳሜ ሰኔ 7 (ጁን 14) ከረፋዱ አምስት ሰዓት በአዳራሹ እንገናኝ።