ያላረገዝኩት ልጅ

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬም ያው። ሕፃናት የምጠብቅበት ዴይኬር፣ አውቶብስ፣ ቤት። ሙቀቱ አይጣል። ሰፈራችን ካልቨር ሲቲ እስክደርስ የውሃ ጠርሙሴ ባዶ፣ ፊኛዬ ሙሉ። ሰላም እንኳን ሳልል ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ።

«አሁንም?» አሉ እትዬ ሙሉዬ ከሳሎን። የባሌ የመክብብ እናት ናቸው፤ አብረን ነው የምንኖረው። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፣ እሱም ከሳቸው ወንበር ፊት ለፊት። ስገባም ስወጣም ያዩኛል።

ከመኪናው አደጋ በፊት እንዲህ አልነበርኩም። ጭንቅላቴን ተመታሁ፣ ተረፍኩ፣ ከዚያ ጥማቱ መጣ። ዶክተሯ ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ አለችው። ከስኳር ጋር ስሙ እንጂ ሌላው አይገናኝም። ኩላሊቴን «ውሃ ያዝ» የሚለው ትእዛዝ ከአንጎሌ መምጣት አቆመ፣ በቃ። ኪኒኑ በሱ ፈንታ ያዛል። ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ እንደ ቧንቧ…

እትዬ ሙሉዬ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። «ገና ሙሽራ ነሽ። ልጄን በሽተኛ አገባ ይሉታል።»

እንቁጣጣሽ ዘንድሮ እኛ ቤት ነው። ድሮ በዓል ሲደርስ በደስታ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁን የማስበው ያንን በር ነው። ያ ሁሉ እንግዳ፣ አንድ ሽንት ቤት።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ለበዓል ልንገዛ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ጋ ሄድን። መክብብ ፓርኪንግ ሲፈልግ ጊዜ ፈጀ። ሱቁ ስንደርስ አልቻልኩም፤ ሻጯን ሽንት ቤት አስጠቅሚኝ አልኳት። በርበሬው እየተመዘነ ሳለ ደግሜ ጠየቅኳት። አፈርኩ።

እትዬ ኤልሳቤጥ እዚያው ነበሩ። የእትዬ ሙሉዬ ጓደኛ፣ ቶራንስ የሚኖሩት። እሳቸው የሰሙትን አገር ይሰማዋል። ጠርሙሴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቁ።

«ሙሉዬ! ከእኔ ትደብቂያለሽ? ስንት ወሯ ነው?»

እትዬ ሙሉዬን አየኋቸው። አይደለም ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ… ፈገግ አሉ።

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

እኔስ ለምን አልተናገርኩም? አፌ ውስጥ ውሃ ነበር። እውነቴን ነው። ዋጥ ሳደርገው እትዬ ኤልሳቤጥ አቅፈው እየሳሙኝ ነበር።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ «እኔ አረገዘች አላልኩም እኮ። እሷ ናት ያለችው» አሉ እትዬ ሙሉዬ።

መክብብ ድራይቭ ያደርጋል። መንገዱን ብቻ ያያል።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ስልኩ አላረፈም። እንኳን ደስ ያላችሁ! ከባልድዊን ሂልስ አንዷ የሕፃን አልጋ አለኝ፣ ላምጣላችሁ አለች። መክብብ «ታንክ ዩ» ሲላት ሰማሁት። ታንክ ዩ?!

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

ከመክብብ ጋር ተጣላን። በሹክሹክታ፣ እናቱ እንዳይሰሙ።

«እማዬን ሰው ፊት ላሳፍራት? በዓሉ ይለፍ። ከዚያ ወረደባት እንላለን።»

ወረደባት። የሌለ ልጅ ሊያስወርዱኝ ነው። ልጅ እኮ እፈልጋለሁ። እሱም ያውቃል…

ነገ ግን እንደ ሰው እቀመጣለሁ። ኪኒኑን ደረብ አድርጌ እወስዳለሁ። ዶክተሯ አታድርጊ ብላኛለች። ኪኒኑ ውሃውን ይዞ ሳለ ብዙ ከጠጣሽ የደምሽ ጨው ይቀጥናል፣ ይገድልሻል ብላኛለች። ስለዚህ አልጠጣም። ምን ችግር አለው? ለአንድ ቀን…

መስከረም 3፣ ቅዳሜ። ሆስፒታል

እጄ ላይ መርፌ ስላለ ጽሑፌ ተንጋዷል።

ሐሙስ ጠዋት ደስ ይል ነበር። ቤቱ ጢም አለ። አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ። አበባየሆሽ ስንል የእኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር። ኪኒኑ ሠራ፤ አንዴም አልተነሣሁም። እትዬ ሙሉዬ በኩራት ያዩኝ ነበር።

ከዚያ መጠጡ መጣ። እትዬ ኤልሳቤጥ አጠገቤ ተቀመጡ። «ጠጪ እንጂ! ለሁለት ነው የምትጠጪው።» ጁስ። ተልባ። ከቶራንስ ድረስ በፔርሙስ ይዘውት የመጡት አጥሚት። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እምቢ ስል ሴቶቹ ሁሉ ይቆጡኛል። ለልጁ እኮ ነው! መሐል ላይ ደግሞ እጄ ልማዱ ነውና ጠርሙሴን ያነሣል… ምን ያህል ጠጣሁ? አላውቅም።

መጀመሪያ ራሴን ፈለጠኝ። ከዚያ አስመለሰኝ። ሰው ፊት፣ ምንጣፉ ላይ።

እልል አሉ።

እትዬ ኤልሳቤጥ ጀመሩት፣ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። «ወንድ ነው! እንዲህ የሚያስመልሰው ወንድ ነው!»

ጨው… ዶክተር… ልል ፈልጌ ነበር። ምላሴ እምቢ አለኝ። መክብብን ፈለግኩት፣ ፊቱ ሁለት ሆነብኝ። «ትተኛ፣ ያልፍላታል፣ ሁላችንም አይተነዋል» እያሉ መኝታ ቤት አስገቡኝ። እንዳይረብሹኝ ብለው በሩን ዘጉት። ከበሮው ይሰማኛል፣ ሳቃቸው ይሰማኛል። መጮህ አልቻልኩም። እዚሁ ነው የምሞተው አልኩ፣ እነሱ ደስ እያላቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረኝ መክብብ ነው። እትዬ ሙሉዬ ሊያዩኝ ገቡ። ዓይኔ ተገልብጦ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ወደ ሳሎን ሮጠው ከበሮውን ከምትመታው ሴት እጅ ነጠቁ።

«አላረገዘችም! ዋሽቼ ነው! ታማለች ልጄ፣ አንሷት!»

ልጄ አሉ? መክብብን ደግሜ ጠየቅኩት። አዎ፣ ልጄ ነው ያለችው አለኝ።

መስከረም 4፣ እሑድ

ዛሬ ፌርፋክስ የእንቁጣጣሽ የጎዳና በዓሉ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰው ይጨፍራል። እኔ የምጠጣው በልክ፣ የምሸናው በልክ። ጠማኝ።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ቤት ገባሁ። ጨዉ ቀስ እያለ ተመልሷል። እትዬ ሙሉዬ ምግብ ያቀርቡልኛል፣ ዓይኔን አያዩም። ስልካቸውን አጥፍተዋል። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድም ብለዋል። «በምን ፊቴ?»

መክብብ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅር አላልኩትም። ገና ነው።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

ለመስቀል ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ እኔና መክብብ። እትዬ ሙሉዬ ቀሩ። ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ።

ሽንት ቤቱ ጋ ሰልፉ እስከ ደጅ ነው። ሁሉም የሆነውን ሰምቷል፤ ስደርስ ወሬው ቆመ። ተመልሼ መኪና ውስጥ ልደበቅ? አልችልማ!

«በሽታ አለብኝ፣ መያዝ አልችልም። አሳልፉኝ» አልኩ።

አሳለፉኝ። ይኸው ነው? ይህን ያህል ብቻ ነበር?

ስወጣ እትዬ ኤልሳቤጥ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሙሉዬስ?»

«ቤት ናቸው። ሰው ማየት አልፈለጉም።»

«አፍራ ነው?» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «እሷማ አዳነችሽ። ስትሞቺ እልል ያልኩት እኔ ነኝ… በሉ ውሰዱኝ።»

እትዬ ሙሉዬ በሩን ከፍተው ጓደኛቸውን ሲያዩ ወደ ኋላ አሉ። እኔ በመሐላቸው አልፌ ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ፣ ምን ላድርግ!

ከውስጥ ሆኜ ይሰማኛል። መጀመሪያ የእትዬ ኤልሳቤጥ ድምፅ። ከዚያ ልቅሶ፣ የማን እንደሆነ አልለየሁም። ከዚያ ወንበር ሲሳብ።

ጨርሻለሁ፣ እጄንም ታጥቤያለሁ። ቧንቧውን ዘግቼ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ይነጋገሩ። ዛሬ ለመውጣት አልቸኮልኩም።