የሐሮሌ ጣቢያ ደወል

ሰኞ

ጆንያው የለም። ሰርቪስ ቤቱን ሦስት ጊዜ ገለባበጥኩት። አሮጌ ፍራሽ አለ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር አለ፣ የእማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ አለ። ደወሉ ያለበት ጆንያ ግን የለም።

መጀመሪያ ሌባ ገብቶ ነው ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ በሆዴ ጠረጠርኩ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ቧንቧው ጋ ስሄድ ቀዩን ሳፋ አየሁትና ድርቅ አልኩ። ወይኔ አስቴር! ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ ቆራሌውን ጠርቼ «ይሄን ቁራጭ ብረት ውሰድልኝ» ብዬ ሁለት ጆንያ አውጥቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ከፍቼም አላየሁት። በለውጡ ሳፋ ሰጠኝ። ሳፋው ሰፊ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ እኮ! እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ለማንም መናገር ስለማልችል እዚህ ልጻፈው። ሐሮሌ የተወለድኩባት ከተማ ናት። በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለች፣ ባቡሩ ሲቆም ሰው ሁሉ የረሳት። አባዬ የጣቢያው ኃላፊ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የጣቢያው ዕቃ እየተነቀለ ይወሰድ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ደወሉን አውርደው «አንተ ጋ ይቀመጥ፣ አደራ» ብለው ሰጡት። አሁን እዚህ ያለነው ተወላጆች ኮሚቴ አቋቁመን ጣቢያውን አሳደስን። እንግዳ እንዲመጣ፣ ወጣቱ አስጎብኚ እንዲሆን፣ ሴቶቹ ምግብ እንዲያቀርቡ፣ ፍል ውኃውና የግመል ገበያው እንዲታይ። የመጀመሪያዎቹ ቱሪስቶች እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ከለገሃር ይነሳሉ። አባዬም አብሯቸው ሄዶ ደወሉን ቦታው ሰቅሎ ይደውላል።

ይሄን ሐሳብ ማን አመጣው? እኔ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ደወሉ እኛ ቤት ነው ያለው» ያልኩት እኔ። ተጨብጭቦልኛል።

አባዬን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቶት አንድ እጁ አይታዘዘውም። ሐኪሙ «ብቻ እንዳይደነግጥ» ነው ያለን። እንዳይደነግጥ!

ማክሰኞ

ገና ጠዋት አባዬ «ደወሏን አምጪያት፣ ልወልውላት» አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ባለሙያ ጋ ሰጥቻታለሁ፣ እያስወለወልኳት ነው» አልኩት። ደስ አለው። «ተባረኪ ልጄ» አለኝ።

አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ውሸትም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው። «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን አንጠልጥዬ እሮጣለሁ። ከካዛንቺስ እስከ ኡራኤል ድረስ የተከተልኩትም አለ። አራት ቆራሌዎች አስቆምኩ። ሦስተኛው ፈርቶኝ «እናቴ፣ እኔ የሰው ዕቃ አልነካም» ብሎ ማዳበሪያውን ሊያራግፍልኝ ሆነ። አራተኛው ግን አወቀው። «ቢጫ ኮፍያ ያለው? እሱማ አገሩ ከገባ ቆየ» አለኝ። ስልክ የለውም ወይ አልኩት። ሳቀብኝ። «ብረቱን የት ያደርሳል?» ስለው፣ «የት ያደርሳል፣ ሁላችንም ምናለሽ ተራ ነዋ» አለ።

ነገ ምናለሽ ተራ።

እራት ላይ አባዬ ሱፉን አስወጥቶ ለካው። ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። «ይሁን፣ ከሩቅ አይታወቅም» አለ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ምናለሽ ተራ ስንቱን ሱቅ እንደዞርኩ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ረጋ ያሉ ሰውዬ አስቀምጠው ሰሙኝ። «ብረት ነው ወይስ ናስ?» አሉኝ። ናስ ነው አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ከፋሲካ ጀምሮ? እህቴ፣ እሱማ ቀልጦ ይሄኔ የቧንቧ ራስ ሆኗል።»

እዚያው ብረት መሀል አለቀስኩ። ሰውዬው ደነገጡ፤ ውኃ አስመጡልኝ። ከዚያ እኔን ለማጽናናት ብለው ከጓዳ ሌላ ደወል አወጡ። ከአንድ ትምህርት ቤት የወጣ ነው አሉ። መጠኑ ያው ነው። በእኛው ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ግን የለበትም። አፉም ትንሽ ሰፋ ይላል።

ገዛሁት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። በቃ ገዛሁት።

ስመለስ የአስጎብኚ ድርጅቱ ልጅ፣ ሊያ፣ ደወለች። ቢሮዋ እዚሁ ካዛንቺስ ነው። «አስቱካ፣ ቡክሌቱ ወጣ! ነይና እዪው፣ ከቨሩ በጣም ነው ያማረው!» ሄድኩ። ከቨሩ ላይ አባዬ አለ፤ ወጣት ሆኖ፣ በባቡር ቆብ፣ እጁ ደወሉ ገመድ ላይ። አልበማችን ውስጥ የነበረውን ፎቶ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። «ማለቴ፣ ሌላው ከተማም ፍል ውኃ አለው» አለች። «እኛ የሸጥነው የአባባን ስቶሪ ነው። ሰዎቹ ደወሉን ሲደውል ቪዲዮ ሊቀርጹት ነው የሚመጡት። ይሄ ከተሳካ በየወሩ ግሩፕ አለን።» ያምራል ብያት ወጣሁ።

የምፈራው፦ አባዬ እንዳይወድቅብኝ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ሱሩር እንዳያውቁ። ሊያ ሐሮሌን እንዳትሰርዛት። ደግሞ የሐሮሌ ሰው «የጣቢያው ኃላፊ ደወላችንን በላው» እንዳይል። ከሁሉም ይሄ የመጨረሻው። አባዬ በዚህ ዕድሜው አደራ በላ ሊባል?

ሐሙስ

ሰጠሁት። የትምህርት ቤቱን ደወል በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። መድኃኒቱን በአንድ እጄ ይዣለሁ። በደህናው እጁ ዳሰሰው፣ ገለበጠው፣ በጣቱ አንድ ጊዜ መታው። ድምፁ እስኪያልቅ ሰማ።

«ጥሩ አድርገው ወልውለውታል» አለና ምሳ አቅርቢ አለኝ።

ተመስገን! ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና እህል በላሁ። ዓይኑም እንደ ድሮው አይደለም፣ ጆሮውም ደክሟል፤ እንግዲህ አለፈ ማለት ነው። አቶ ሱሩር ሲደውሉ እንኳ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ዓርብ

አላለፈም።

ለሥራ ልወጣ ስል አባዬ «አስቴር፣ ቁጭ በይ» አለኝ። በሙሉ ስሜ አይጠራኝም፣ ሁልጊዜ አስቱ ነው የሚለኝ።

«ሐሮሌ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ያቺን ደወል በየቀኑ ደውያታለሁ» አለ። «ድምፅዋን የማላውቅ መሰለሽ?»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ። እሱ ግን አልተቆጣም። «ትናንት እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ዋልኩ» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር! እንደ ልጅ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጆንያውን፣ ቆራሌውን፣ ሳፋውን፣ የቧንቧ ራሱን። ፊት ፊቱን እያየሁ ነው የማወራው፣ ከንፈሩ እንዳይጣመም ብዬ። አልተጣመመም። ማን እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት።

«እንግዲያው ነገ ይወቁ።»

አባዬ፣ ተው፣ እሑድ ይለፍ፣ ከዚያ እንነግራቸዋለን ብዬ እግሩ ሥር ወደቅኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቅዳሜ

አቶ ሱሩር ሱቃቸውን ዘግተው ከደምበል በእግራቸው መጡ። ስለ ሐሮሌ ሲያወሩ ሱቅ እንዳላቸውም ይረሳሉ። ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ያ አላህ! ቡክሌቱ ታትሟል እኮ!» ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ደወል ላይ አረፈ። «አቶ ወልዱ፣ ይሄስ ደወል አይደለም እንዴ? ይሰቀላ! ፈረንጅ ምን ያውቃል?»

እውነቱን ልጻፍ፦ እሺ በለው፣ እሺ በለው እያልኩ ነበር በልቤ።

«ፈረንጁ አያውቅም» አለ አባዬ። «ሐሮሌ ታውቃለች።»

ሮብሌ ጋ ደውዪልኝ አለኝ። ሮብሌ ሐዲድ ቀያሪ ሆኖ ከእሱ ጋር የሠራ ነው፤ አሁን የሽማግሌዎቹ ዋና እሱ ነው። አባዬ ስልክ መያዝ ስለማይሆንለት ድምፁን ከፍቼ ያዝኩለት። ከወዲያ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ሮብሌ በደስታ እየጮኸ ነው፣ መስቀያውን ቀለም እየቀቡት ነው አሉ።

«ሮብሌ፣ ደወሏ ጠፍታለች» አለ አባዬ።

አንድ ፍየል ስትጮህ ሰማሁ።

«ማን ጣላት?»

አፌን ከፈትኩ። አባዬ በደህናው እጁ አፌን ያዘኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አሁን ምን ልበላቸው?» አለ ሮብሌ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። አባዬ «አንተ ምንም አትበል፣ ነገ መጥቼ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለው። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን፣ ዘግቶት ይሁን አላወቅኩም። መልሼ ደወልኩ። አያነሳም። አቶ ሱሩር አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ለምን እንደዚያ አልክ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እኮ፣ አልኩት እየጮህኩ። «አደራው የተሰጠው ለእኔ ነው፣ ለአንቺ አይደለም» አለና ካልሲውን እንዳወልቅለት እግሩን ዘረጋ።

እሑድ

አዳማ ለቁርስ ቆመን ነው የምጽፈው። አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ። ምግብ አልወርድ ብሎኛል።

ሊያ ለገሃር ላይ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። አባዬ «ለእንግዶቹም ንገሪያቸው፣ ደብቀን አንወስዳቸውም» አላት። «ኧረ አባባ፣ ሪፈንድ ቢሉኝስ!» አለች። ነገረቻቸው ግን፤ ማይኩን ይዛ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። አጉረመረሙ። አንዱ ሰውዬ ቡክሌቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ አንዲት ሽማግሌ ሴትዮ ደወሉ ስንት ጊዜ ይመታ እንደነበር ጠየቀች። አባዬ በጣቱ መስኮቱን እየመታ አሳያት፦ አንድ፣ ባቡሩ ከወዲያኛው ጣቢያ ተነሥቷል። ሁለት፣ ተሳፈሩ። ሦስት፣ ሄደ። ሴትዮዋ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ትንሽ ቀለለኝ። ትንሽ ብቻ።

ሮብሌ አሁንም አያነሳም። ስምንት ጊዜ ደውያለሁ። ጣቢያው ላይ ሰው ይኑር አይኑር፣ ይቀበሉን ይስደቡን የማውቀው ነገር የለም። አባዬ ሰፊውን ሱፉን ለብሶ ክራቫቱን ደጋግሞ ያስተካክላል። እሱም ፈርቷል። አባቴ ሲፈራ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ያለውን ሰውዬ ለምኜ ቦታ ተለዋውጠናል። አባዬ ከዘራውን ፈልጎ፣ ወንበሩን ተደግፎ እስኪነሳ ጊዜ ይወስድበታል። እስከዚያ እኔ ወርጄ እጠብቀዋለሁ፤ ሮብሌም ይሁን ማንም ፊቴ ቢቆም፣ እሱ አፉን ሳይከፍት፣ የጣልኩት እኔ አስቴር ነኝ እላቸዋለሁ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። አውቶቡሱ እየተንቀጠቀጠ ጽሑፌ አይነበብም። ቀድሜ የምወርደው ግን እኔ ነኝ።