የፊታውራሪ ላንድሮቨር

ዲክሲስ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለሐጂ ከዲሮ፣ ናዝሬት።

አሰላሙ ዐለይኩም። እርስዎና ቤተሰቡ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ከአሰላ ጋራዥ ወደዚህ የመጣሁት የፊታውራሪን ላንድሮቨር በሦስት ቀን ጠግኜ ልመለስ ነበር። አሁን አምስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከሞተሩ ክዳን ከቴስታው ሥር ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃው ከዘይቱ ተቀላቅሎ ነበር። ቴስታውን ከሚይዙት ብሎኖች አንዱ ዝጎ ስለነበር ስፈታው ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ሁለት ቀን ላምባ አጠጥቼ በስንት መከራ አወጣሁት። አዲሶቹን ብሎኖች ከመሐል ወደ ዳር እያመጣጠንኩ አጠበቅሁ። ሞተሩ ሲነሳ ደስ ብሎኝ ጫማዬን ጠየቅሁ።

«ጫማ ምን ያደርግልሃል?» አሉ ፊታውራሪ። «የእርሻዬ ትራክተሮችም አንተን ነው የሚጠብቁት።»

ጫማዬን እንዳይጠፋብኝ ብለው እሳቸው ናቸው ያስቀመጡልኝ። ዘበኛውም ደግ ሰው ነው፤ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ይሸኘኛል። ትናንት መኪናውን ልሞክር ብዬ እስከ ግቢው በር ነዳሁ። ዘበኛው እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን ነቀለና «እዚህ ድረስ ይበቃል» አለኝ። ተሳሳቅን።

ይህንንም ደብዳቤ ፊታውራሪ ራሳቸው አንብበው ይልኩልኛል።

ባለቤቴ ሀጂራ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ከወለደች ስሙን እርስዎ ያውጡለት፤ እኔን አትጠብቁ።

ምናልባት በዲክሲስ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ግን ብቻዎን አይምጡ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና የሚገፉ ብዙ ወንዶች ያስፈልጋሉ።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሙህዲን